የፌሺን ሥዕል፦ ፊቱ ያለቀ፣ ልብሱ ያላለቀ ለምን?

«ሥዕሉን ሳይጨርስ ነው የተወው?» ላልከው፦ ጨርሶታል። ሩሲያ የተወለደው ሠዓሊ ኒኮላይ ፌሺን እንዲህ ያደረገው ሆን ብሎ ነው። ዓይንና አፍ ላይ ተጠንቅቆ ይሠራል፤ ልብሱና ጀርባው ላይ ሲደርስ ቀለሙን በቢላ ጭምር ጎተት ጎተት አድርጎ ይተወዋል። ዓይንህ ዞሮ ዞሮ ፊቱ ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው።

ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1881 ሩሲያ፣ ካዛን ከተማ ተወለደ። አባቱ እንጨት ቀራጭ ነበር። ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ከታዋቂው ሩሲያዊ ሠዓሊ ከኢልያ ሬፒን ተማረ። በ1923 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በኋላ ኒው ሜክሲኮ፣ ታኦስ ገብቶ የቤቱን በሮች ሳይቀር በእጁ ቀረጸ። ምን ዓይነት እጅ ነው! ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል።

እንደሱ ልሞክር ካልክ ግን ከቢላው አትጀምር። በዚያ የጀመሩ ልጆች ቀለሙን ጭቃ ሲያደርጉት አይቻለሁ። መጀመሪያ የከሰል ንድፎቹን እያየህ ሣል፤ የፊት አጥንት አቀማመጥ ሲገባህ ወደ ቀለሙ ሂድ።