የፓርቲውን ኢሜል እንድትይዢ ለተመረጥሽው እህት፣ አንቲቫይረሱን ተዪውና ይሄን አንብቢ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። የፓርቲያችሁ የዲሲ አካባቢ ድጋፍ ኮሚቴ ኢሜሉንና የአባላት ዝርዝሩን እንድትይዢ መርጦሽ፣ የውጭ መንግስት ፓርቲዎችን ሃክ ያደርጋል የሚባለው እንደኛ ያለ ትንሽ ቡድንም ይነካል ወይ፣ ጥሩ አንቲቫይረስ ብንገዛ ይበቃል ወይ ነው ያልሽው። ባጭሩ ይነካል፣ አይበቃም። ቨርጂኒያ ሄልፕ ዴስክ (ኮምፒውተር የተበላሸበት ሰው የሚደውልበት ክፍል) ላይ ስሰራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ማታ ማታ ደግሞ አንድ ኮሚቴ ውስጥ ያንቺኑ ስራ በነፃ ሰርቻለሁ፣ የተበላነውም በኔ ጊዜ ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው።

አንድ እሁድ ማታ ገንዘብ ያዣችን፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ከሊቀመንበሩ የመጣ የሚመስል ኢሜል ደረሳቸው። ርዕሱ "የቅዳሜው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ" ይላል፣ ቅዳሜ ደግሞ የምር ስብሰባ ነበረን። ሲከፍቱት የጉግል መግቢያ መጣ፣ ፓስወርዳቸውን ፃፉ፣ ስህተት ነው አላቸው፣ ደግመው ፃፉ፣ ሰለቻቸውና ተኙ። ለሶስት ሳምንት ማንም አልነቃም። የነቃነው አንዲት አባል "ጋሼ ስልክ ቁጥሬን ለምንድነው በኢሜል ደግመው የሚጠይቁኝ፣ ትላንት ደውለውልኝ የለ እንዴ" ስትል ነው። ገብቼ ሳይ ፎርዋርዲንግ ሴቲንጉ ላይ ማናችንም የማናውቀው አድራሻ ተቀምጧል፣ የሚገባው ኢሜል ሁሉ ኮፒው ወደዚያ ይሄዳል፣ ፓስወርድ ብንቀይር እንኳን እሱን ካላጠፋነው መሄዱን አያቆምም ነበር። የመንግስት ሰው ይሁን ተራ ሌባ እስከዛሬ አላወቅንም። አንቲቫይረስ? ነበራቸው እኮ፣ ያውም ተከፍሎበት። ቫይረስ አልገባማ፣ ቁልፉን ራሳቸው ናቸው ያቀበሉት።

የሽማግሌ ስህተት ነው እንዳትይ። በ2016 የሂላሪ ክሊንተን ምርጫ ዘመቻ ሊቀመንበር ጆን ፖዴስታ ከጉግል የመጣ የሚመስል ኢሜል መጣለት፣ አንድ ሰው ከዩክሬን ሆኖ ፓስወርድህን ሞክሯልና ቶሎ ቀይር የሚል። ረዳቶቹ ጥሩ አደረጉ፣ የኮምፒውተር ሰው ጠየቁ። ልጁ "ይሄ ትክክለኛ ኢሜል ነው" ብሎ መለሰ፣ በኋላ "ትክክለኛ አይደለም" ልል ነበር አለ። እውነተኛውን የጉግል ሊንክ አብሮ ልኮላቸው ነበር፣ የተነካው ግን ያኛው የመጀመሪያው ሊንክ ሆነ። ከ50,000 በላይ ኢሜል ሄደ።

እኔን ግን ሁሌ የሚያንገበግበኝ የዴሞክራቶቹ ብሔራዊ ኮሚቴ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የኛ የሄልፕ ዴስኮች ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። ሴፕቴምበር 2015 ኤፍቢአይ ደወለ፣ ኔትወርካችሁ ውስጥ ከሩሲያ ጋር የተያያዙ ሰዎች ገብተዋል አለ፣ ስልኩ ወደ ሄልፕ ዴስክ ተዞረ። ያነሳው ኮንትራክተር ደዋዩ እውነተኛ ኤፍቢአይ ይሁን የሚቀልድ ሰው እርግጠኛ አልሆነም፣ ሎጉን፣ ማን መቼ እንደገባ የሚመዘግበውን፣ ላይ ላዩን አየት አድርጎ ምንም አላገኘም። ደጋግመው ደወሉ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ። ኤፍቢአይም ቢሆን እዚያው ዋሽንግተን ቁጭ ብሎ ለወራት በስልክ ብቻ ነበር፣ በሩን ሄዶ የሚያንኳኳ ጠፋ። ኮሚቴው የምር የነቃው አፕሪል 2016 ነው፣ ከሰባት ወር ያህል በኋላ ማለት ነው። በዚያው ወር ሁለተኛ ቡድን፣ የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ፣ በእህት ኮሚቴያቸው (የዴሞክራቶቹን የምክር ቤት እጩዎች በሚደግፈው) በኩል ተጨመረ፣ እሱም የጀመረው አንድ ሰራተኛ በነካው ሊንክ ነው። ጁላይ 22 ሚስጥር የሚያወጣው ድረገፅ ዊኪሊክስ 20,000 የሚጠጋ ኢሜል ዘረገፈው፣ በሁለተኛው ቀን፣ ለፓርቲው ጉባኤ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሊቀመንበሯ ዴቢ ዋሰርማን ሹልትዝ እንደምትለቅ አስታወቀች። በኮንትራክተሩ አልፈርድም፣ እኔ ራሴ በሳምንት ስንት "ከማይክሮሶፍት ነው የምደውለው" የሚል አጭበርባሪ ነው የምዘጋበት፣ ኤፍቢአይ ነኝ ቢለኝ ስሙን እንኳን አልፅፍም ነበር።

እነዚህ ትልልቅ ናቸው እኛን ማን ያየናል ካልሽ ደግሞ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ላለ ሰው የውጭ መንግስት ማለት ሞስኮ ብቻ አይደለም። በ2013 የቶሮንቶው ሲትዝን ላብ፣ የዩኒቨርሲቲ የስለላ መርማሪ ቡድን ነው፣ የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ፊንስፓይ የሚባል መሰለያ የሚጭን ፋይል አገኘ። እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወገናችን ኮምፒውተሩ በኢሜል በመጣ የወርድ ፋይል ተይዞ ስካይፑ ሲቀዳ ከርሟል፣ በሐሰት ስም የኢትዮጵያን መንግስት ዋሽንግተን ከሰሰ፣ በ2017 ይግባኝ ሰሚው ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈፀመም ብሎ ዘጋበት። በዚያው ዓመት ደግሞ የኦሮሞ ተቃዋሚዎችን በውሸት የአዶቤ ፍላሽ አፕዴት ሲያጠምዱ ተገኘ። ስለዚህ አፕዴት በኢሜል ከመጣ አትንኪው፣ ከራሱ ከኮምፒውተሩ ሴቲንግ ብቻ አድርጊ።

እሺ አሁን ያንቺ ስራ። ለአንቲቫይረስ ያሰባችሁትን ብር ሴኩሪቲ ኪይ ግዙበት፣ ፍላሽ ዲስክ የምታክል፣ ስትገቢ ከፓስወርዱ በተጨማሪ ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰኪያት ቁልፍ ናት፣ አንዷ 30 ዶላር ገደማ፣ ለሰው ሁለት ሁለት፣ አንዱ ቤት ይቀመጥ። በቴክስት የሚመጣው ኮድ ከምንም ይሻላል ግን ሰው የውሸት ገፅ ላይ ፓስወርዱን ከፃፈ ኮዱንም ይፅፋል፣ ቁልፉ ግን አድራሻው የጉግል ካልሆነ ዝም ነው የሚለው፣ በውሸት ገፅ ማታለል አይቻልም። አንድ ፓስወርድ ለአምስት ሰው መካፈሉን ዛሬውኑ አቁሙ (እንደምትካፈሉ አውቃለሁ፣ ሁላችንም እንካፈላለን)። የወጡ የኮሚቴ አባላት አሁንም መግቢያ አላቸው ወይ እይ፣ የእኛ ዝርዝር ላይ ከሁለት ዓመት በፊት ተጣልቶ የወጣ ሰው ሙሉ ፈቃድ እንዳለው ተገኝቷል። ፎርዋርዲንጉን በየወሩ ክፈቺና እይ። የአባላት ዝርዝሩ ላይ ደግሞ የማትፈልጉትን አጥፉ፣ አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ስም እዚያ ምን ይሰራል? የሌለ ነገር አይሰረቅም።

ሳልረሳው፣ የፈረንሳዩ የማክሮን የምርጫ ዘመቻ ሰዎች በ2017 ለአጥማጆቹ የውሸት ፓስወርድና የውሸት ዶክመንት እያበሉ አደከምናቸው ብለዋል፣ ደስ ይላል ግን እናንተ እንዳትሞክሩት፣ ሰው ይፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ግን በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ነገር አስወስኚና ቃለ ጉባኤው ላይ ይፃፍ፣ ተጠልፋችኋል የሚል ሰው ቢደውል ማን ነው የሚያነሳው? ስሙንና ሰዓቱን ይፃፍ፣ በነገረው ቁጥር ሳይሆን ራሱ ፈልጎ ባገኘው የመስሪያ ቤቱ ቁጥር መልሶ ይደውል፣ በዚያው ቀን ለሊቀመንበሩ ይንገር። እኛ ጋ ይሄን ስራ የወሰዱት ጋሼ ናቸው፣ ማንም አላዘዛቸውም፣ ደብተር ገዝተው ቁልፏን ከቤት ቁልፋቸው ጋር አንጠልጥለው ይዞራሉ፣ እስካሁን የተፃፉት አራት ስልኮች አራቱም የአጭበርባሪ ናቸው፣ እሳቸው ግን አራቱንም መልሰው ደውለዋል።