ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ እናቴን ለመንከባከቢያ ቤት ከመስጠቴ በፊት ምን ምን ልይ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 76 ዓመቷ ነው። ስኳርና ግፊት አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። ዓምና ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ ደክሟል። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ቀን ሥራ ላይ ነኝ፤ የምቀጥራቸው ሠራተኞች አይበረክቱም፤ ባለፈው ወር ሁለቴ ወድቃለች። ጾምም አታፈርስም። ለገጣፎ በኩል በወር እየተከፈለ አረጋውያን የሚይዝ ቤት አይቼ ግቢው ደስ አለኝ። ዘመዶቼ ግን «እናትሽን ልትጥያት ነው?» ይሉኛል። ምን ምን ልይ?

መልስ፦ ቀኑን ብቻቸውን እየዋሉ በወር ሁለቴ የሚወድቁ እናትን ደህና እጅ ላይ ለማድረስ መሯሯጥ መጣል አይባልም። ይህን ለዘመዶችዎ ሐኪም ብሏል ብለው ይንገሩልኝ።

ከመወሰንዎ በፊት ግን ለምን እንደሚወድቁ ይታወቅ። ግፊታቸው ተኝተው ይለካ፤ ከዚያ ከቆሙ ከ1 እና ከ3 ደቂቃ በኋላ ይደገም። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ የግፊት መድኃኒቱ ከብዷቸው ሊሆን ስለሚችል ሐኪማቸው ያስተካክለው። ስኳር ሲወርድም ሰው ይወድቃል። የዓይን ሞራም ይጥላል። ድንገት መቀባዠር ከጀመሩ ደግሞ «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ብዙ ጊዜ የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ሆኖ ይገኛል። እነዚህ ታክመው የቀን ተንከባካቢ ቢገኝላቸው ቤታቸው ሊቆዩ የሚችሉ ብዙ ናቸው።

አይ፣ ቤት አይሆንም ካሉ ደግሞ የመንከባከቢያ ቤቱን የሥራ ፈቃድ ይጠይቁ። መቄዶንያን የመሰሉ ማዕከላት ጧሪ ለሌላቸው ስለሆኑ እርስዎ የሚመርጡት ከክፍያ ቤቶቹ ነው። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ፈቃዱም የሚመጣው ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከኦሮሚያ በኩል ነው። ወረቀቱ ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚፈቅድ ያንብቡት። ማኖርና ማብላት የተፈቀደለት ሁሉ ኢንሱሊን የሚወጋ ነርስ አለው ማለት አይደለም።

ግቢው ማማሩ ጥሩ ነው። እኔ ግን አጥብቄ የምጠይቀው ስለ ሌሊቱ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ስንት ሰው ነቅቶ ያድራል? «ልጆቹ እዚሁ ያድራሉ» ከተባሉ ተኝተው ያድራሉ ማለት ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎን ይቀየርለታል። አጥንቱ ቆዳውን ፍራሹ ላይ ሲጫነው ደም አይደርስበትም፤ ሥጋው ይሞታል። አሁን ሒሳቡን ይሥሩ፦ አንዲት ሠራተኛ 12 አልጋ ይዛ፣ አንዱን አገላብጣ ዳይፐሩን ለመቀየር 10 ደቂቃ ቢፈጅባት፣ አንዱ ዙር 2 ሰዓት ሙሉ ይወስዳል። ስትጨርስ ወዲያው ከመጀመሪያው አልጋ ትጀምራለች። በመሀል አንዱ ሽንት ቤት ውሰጂኝ ካላት የሌላው መገላበጥ ይቀራል። የአልጋ ቁስል የሚጀምረው እንዲህ ባለው ሌሊት ነው።

ሥራ አስኪያጁን ተወት አድርገው አንዷን ተንከባካቢ «ቁስሉ ቀድሞ የሚወጣው የት ነው?» ብለው ይጠይቋት። «እዚህ ጋ» ብላ እጇን ከመቀመጫዋ በላይ ወዳለው አጥንት ከሰደደች፣ ተረከዝና ዳሌንም ከጨመረች፣ ሥራውን ታውቀዋለች። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙም አይታይም፤ ከአካባቢው ጠቆር ብሎ፣ ሲነኩት ሞቅ ወይም ጠጠር ይላል። ተረከዝ ፍራሹን እንዳይነካ ትራሱ ባቱ ሥር ይደረጋል። መሀሉ ክፍት የሆነው ክብ ጎማ ግን ዙሪያውን ይበልጥ ስለሚጫን አይመከርም።

ቀጥሎ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሳያሳውቁ ይሂዱ። ስትሮክ የመታው ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አገጩን ዝቅ አድርጎ፣ በትንሽ በትንሹ ይጎርሳል፤ ጉርሻው በደህናው ጎን በኩል ይሰጠዋል፤ ከበላ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይተኛ ይቆያል። አንገቱን ወደ ኋላ ደግፈው ውሃ የሚያንቆረቁሩለት ከሆነ ሳንባው ውስጥ ይገባል። እየበሉ ማሳል ወይም ድምፅ እንደ እርጥብ ነገር መንኮርኮር ምልክቱ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ከቀጭን ውሃ ይልቅ ወፈር ያለ አጥሚት ይቀለዋል።

ስለ ጾሙ፦ ጠዋት 1 ሰዓት ኢንሱሊን ወግተው እስከ 9 ሰዓት ካላበሏቸው ስኳራቸው ይወድቃል። ሐኪማቸውና የንስሐ አባታቸው ተነጋግረው ይወስኑ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም። መለኪያው ከ70 በታች ካሳየና መዋጥ ከቻሉ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሶ መለካት ነው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም አይሰጥም። ይህን የሌሊቷ ሠራተኛም ማወቅ አለባት።

በዝናብና በብርድ ወቅት ክፍሉ በምን እንደሚሞቅ ይዩ። ተዘግቶ በሚታደርበት ክፍል የከሰል ምድጃ ካለ ያንን ቤት ይተዉት፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ክረምት መንገዱ ጭቃ ሲሆን አምቡላንስ በሩ ድረስ ይደርስ እንደሆነም ይጠይቁ፤ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። የእጅ መያዣ ብረት የሌለው ሽንት ቤት፣ የክብደት ሚዛን አለመኖር፣ «እንዳይወድቁ» ተብሎ ወንበር ላይ መታሰር፣ «እንዲረጋጉ» ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ የእንቅልፍ ኪኒን፦ አንዱን ካዩ አይስማሙ። የእንቅልፍ ኪኒን የወሰደ አረጋዊ ይወድቃል፣ ምግብም ያንቀዋል።

ውሉ ላይ ዳይፐርና መድኃኒት በማን ወጪ እንደሆነ ይጻፍ። ሰዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ፦ ሆስፒታል ቢተኙ አስታማሚ የሚሆነው ማን ነው? ሆስፒታሉ ይጠይቅዎታል፤ ቤቱ ሰው እንደሚልክ ወይም እንደማይልክ አስቀድሞ ይታወቅ። ለአንድ ወር ሙከራ ካልፈቀዱም አይፈርሙ።

በሚገቡበት ቀን አብረዋቸው ውለው ክብደታቸውን ያስለኩ፤ መድኃኒታቸውን ከነሰዓቱ ጽፈው ይስጡ። 60 ኪሎ የነበሩ ሰው በአንድ ወር 3 ኪሎ ከቀነሱ ሐኪም ይያቸው። በመጀመሪያው ወር በተለያየ ሰዓት እየሄዱ ይጠይቋቸው፤ አንዱ ከራት በኋላ ይሁን። እጃቸውን ስመው ሲቀመጡ ካልሲያቸውን አውልቀው ተረከዛቸውን በእጅዎ ይዳብሱ።