ቅዳሜ ገበያ የምትሄደው ሴት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሁለተኛ ዓመት የጂኦግራፊ ተማሪ “ጋሼ፣ አንዱ ከተማ ሲያድግ ጎረቤቱ ለምን ቀጭጮ ይቀራል?” ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን ዝም አልኩ። የቆየ ነገር ተቀሰቀሰብኝ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። ሥራ ከያዝኩ ዓመት አልሞላኝም። መሥሪያ ቤቴ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወዳለ አንድ ወረዳ ላከኝ። እህል መጋዘን፣ ሱቅና ጤና ጣቢያ አንድ ላይ የሚሠሩበትን ቦታ እንድመርጥ ነው። አገልግሎቱ ከተተከለ ከተማው ራሱ ይመጣል ተብሎ ነበር።

ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ዋልተር ክሪስታለር ነው። ይህ ጀርመናዊ የጂኦግራፊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1933 የደቡብ ጀርመንን ከተሞች አጥንቶ የጻፈውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ጥያቄው ግልጽ ነው። ጨው ሻጭ ሱቁን ላለመዝጋት ስንት ደንበኛ ይበቃዋል? ደንበኛውስ ለጨው ብሎ ስንት ሰዓት ይሄዳል? ለጨው ሩቅ አይኬድም። ስለዚህ ጨው የሚሸጡ ትንንሽ ከተሞች ብዙ ናቸው፣ ይቀራረባሉ። ለሆስፒታል ግን ቀን ሙሉ ይኬዳል። ትልልቆቹ ጥቂት የሚሆኑት፣ የሚራራቁትም ለዚህ ነው። መሬቱ ሜዳ ከሆነና ሕዝቡ እኩል ከሰፈረ የየከተማው ክልል እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ሆኖ ይገጣጠማል። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

እኔም አንድ ለሃምሳ ሺህ ካርታ ዘርግቼ ስድስት ጎኑን በእርሳስ ሳልኩ። መሃሉ አንዲት መንደር ላይ አረፈ። መንደሯ ከገደሉ አፋፍ በታች፣ ወገቡ ላይ ናት። አብዛኛው ሰው የሚኖረው ግን ከላይ ደጋው ላይ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። አንዲት እናት ሁለት ዶሮ እግራቸውን አስራ፣ እንቁላል በጭድ አድርጋ፣ ሜዳውን ይዛ ገበያ ትሄዳለች። ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ጠጋ ብዬ እዚያ ታች ሱቅ ቢከፈት አይቀርብሽም ወይ አልኳት።

“የኔ ልጅ፣ መውረዱስ ይወረዳል” አለችኝ። “ጨዉን ተሸክሜ ማን ያወጣኛል? ደግሞ ቅዳሜ የምሄደው ለጨው ብቻ መሰለህ? እህቴን የማገኛት እዚያ ነው።”

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ሪፖርቱ ውስጥ ግን አላስገባሁትም። ማንም አላስገደደኝም። ካርታው አምሮ ነበር፣ እንዲበላሽ አልፈለግሁም። የከፍታ መስመሮቹ እኮ ካርታው ላይ ነበሩ። ተጠጋግተው፣ ጠቁረው፣ ገደል ነው እያሉ። አይቻቸዋለሁ።

የዛሬ ልጆች በሳተላይት ምስል ጎበዞች ናችሁ። ከወንበራችሁ ሳትነሡ አገር ትለካላችሁ። ይህ ያሳስበኛል። ገበያ ቀን ወጥታችሁ ከሰው ጋር ተራመዱ፣ ምን እንደተሸከመ እዩ። ያም ሆኖ ያኔ እናንተ የያዛችሁት መሣሪያ ቢኖረኝ ምን ነበረበት እላለሁ። ገደሉ ተነሥቶ ይታየኝ ነበር።

ክሪስታለርን ግን አትጣሉት። እሱ ሜዳ ቢሆን ብሎ ነው የጀመረው። “ቢሆን”ን የረሳሁት እኔ ነኝ። ደግሞ የገበያ ሕግ ብቻውን ከተማ አይሠራም። አጎቴ ባቡር ላይ ይሠራ ስለነበር ድሬዳዋን በልጅነቴ አውቃታለሁ። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ የሐረርን አቀበት አልወጣም ብሎ ሜዳው ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ድሬዳዋ ተወለደች። ጣቢያው አጠገብ የነበረው የፉርጎ ጥላ አሁንም ይታወሰኛል፣ ፍየሎች ይተኙበት ነበር። “ከተማ” የሚለው ቃላችንም ድሮ የንጉሥና የሠራዊቱ ሰፈር ማለት ነው።

አዲስ አበባን ተመልከቱ። በ1999ኙ ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ተከታይዋ ድሬዳዋ 230 ሺህ አካባቢ። ሁለተኛው ከተማ የአንደኛውን ግማሽ ያህላል የሚለው ደንብ እኛ ጋ አይሠራም። አሜሪካዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ማርክ ጀፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1939 ሁሉን ጠቅልሎ ስለሚይዝ አውራ ከተማ የጻፈው ይበልጥ ይገልጸናል። ቤተ መንግሥቱ እዚያ፣ ባቡሩ እዚያ፣ መንገዱ ሁሉ ከዚያ ይነሣል። ሰው ለአንድ ማህተም አዲስ አበባ ይመጣል። ጎረቤት ከተማ ለምን ቀጨጨ ስትሉ ማህተሙ የት እንዳለ ጠይቁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያ ወረዳ አለፍኩ። መጋዘኑ ተሠርቷል። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ደጃፉ የፍየል በጠጥ ሞልቶታል። ቅዳሜ ገበያው ግን መብራት ገብቶለት፣ መናኸሪያ ተሠርቶለት ከተማ ሆኗል። ያቺን እናት አልጠየቅኋትም። ስሟን እንኳ አልያዝኩም።

ማስታወሻው አሁንም አለኝ። ለተማሪዋ ገጹን ገልጬ አሳየኋት። በእርሳስ የተጻፈው “ዶሮ 2፣ እንቁላል 15፣ መውረድ 1 ሰዓት፣ መውጣት 3፣ እህት” ይላል።