ወተትሽ አልቀጠነም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ዘጌ ነው። የመጀመሪያ ልጄን በ31ኛው ሳምንት ወለድኳት። ስትወለድ 1,400 ግራም ነበረች፤ ባሕር ዳር ሆስፒታል 5 ሳምንት ቆይታ 1,900 ግራም ሆና ወጣች። ቤት በገባን በ6ኛው ቀን ሳስመዝናት የጨመረችው 60 ግራም ብቻ ነው። ስትነቃ አጠባታለሁ፤ ሌሊት ደህና ትተኛለች። ወተቴ ግን ቀጥኗል፣ ውሃ ውሃ ይላል። አማቴ ለጋ ቅቤ አቅምሻት ይሉኛል። ውጭ አገር ያለችው እህቴ ደግሞ እንዲህ ላሉ ልጆች ወተቱ ላይ ዱቄት ይጨመራል አለችኝ። እኔም የቆርቆሮ ወተት ገዝቼ ካለብኩት ወተት ጋር 2 ቀን ቀላቀልኩላት። ከትናንት ጀምሮ ሆዷ ነፋ ብሏል። የኔ ወተት አይበቃትም ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን ደውዬልሽ በጀልባ ይዘሻት መጥተሻል። ታይታለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት። ይህን የምጽፈው አንቺም ደግመሽ እንድታነቢው፣ ሌሎች እናቶችም እንዲሰሙት ነው።

የጠየቅሽኝ ስለ ዱቄት ነው። የፈራሽው ግን «ልጄን በገዛ ጡቴ እያስራብኳት ነው» ብለሽ ነው። አይደለም። ያለ ጊዜዋ የወለደች እናት ወተት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በፕሮቲን ከሌሎቹ እናቶች ወተት ይበልጣል። ችግሩ ሌላ ነው። ሕፃን ለአጥንቱ የሚሆነውን ካልሲየምና ፎስፈረስ፣ ለደሙ የሚሆነውን አይረን በብዛት የሚሰንቀው በመጨረሻዎቹ 3 የእርግዝና ወራት ነው። ልጅሽ ስንቋ ሳይሞላ ከ9 ሳምንት ቀድማ መንገድ ጀመረች። ሆዷ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ብዙ ወተት አይችልም። ስለዚህ ያንኑ ጥቂት ወተት ማጎልበት ያስፈልግ ይሆናል። እህትሽ የነገረችሽ ዱቄት ይህ ማጎልበቻ ነው።

ግን ስሚኝ። ማጎልበቻው በየሱቁ የሚሸጠው የቆርቆሮ ወተት አይደለም። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው፤ በልጁ ክብደት ተለክቶ፣ በባለሙያ ክትትል ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ያለ ጊዜው ለተወለደ ሁሉ ይሰጥ አላለም፤ ከ32 ሳምንት በፊት ለተወለዱ ወይም ከ1.5 ኪሎ በታች ለሆኑ ሊታሰብ ይችላል ነው ያለው። ልጅሽ ያስፈልጋት እንደሆነ የሚወስነው የሚከታተላት ሐኪም ነው። በግምት በማንኪያ የምትጨምሪው የቆርቆሮ ወተት አንጀቷንና ኩላሊቷን ያስጨንቃል። ዱቄቱም ከጀርም የጸዳ አይደለም። ይህን ያህል የምትሳሺላትን ልጅ ለግምት አሳልፈሽ አትስጪያት። ሆዷ ነፍቶ አንድ ሌሊት ማሳደርሽም ልክ አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ሆዱ ከተነፋ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ፣ ሰገራው ላይ ደም ከታየ፣ አልጠባም ካለ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ነገ አይባልም። ወዲያው ሆስፒታል! ስትመጪም ነጠላ ደርበሽ በሐይቁ ነፋስ አይደለም፤ ገላሽ ላይ ለጥፈሽ፣ ኮፍያ አድርገሽላት፣ ከላይ ጋቢ ለብሰሽ።

አሁን ወደ ቅቤው። እናቴ፣ ይህ ለእርስዎ ለአማቷ ነው፤ በፍቅር እንዳሉት አውቃለሁ። እንድታድግ የሚያስፈልጋት ፕሮቲንና ካልሲየም ነው፤ ቅቤ ውስጥ ሁለቱም የሉም ማለት ይቻላል። የእንዲህ ያለች ልጅ አዋዋጥ ገና አልጠነከረም፤ ቅቤው ወደ ሳንባዋ ሾልኮ የሳንባ ምች ያመጣል። ጀርምም ይዞ ይገባል። ትንሿን ሆዷን ሲሞላው ደግሞ ጡት አትፈልግም። «ልጆቼን ሁሉ አቅምሼ አሳድጌያለሁ» ይሉኝ ይሆናል። እነሱ ቀናቸው ሞልቶ ተወልደው ይሆናል፤ ለእነሱም ቢሆን አያስፈልጋቸውም ነበር። በጣት ጫፍ፣ ለአንድ ቀን ብቻ የሚባል ነገርም የለም። አብሽም፣ የስኳር ውሃም፣ ማርም እንደዚያው። ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ያድርጉት። ልጅቷን ደግሞ እናቷ ስትደክም እርስዎ ደረትዎ ላይ ይቀፏት፤ ገላ ለገላ ማቀፍ ለአያትም ተፈቅዷል።

እህቴ፣ ውሃ ውሃ ያለሽው ማጥባት ወይም ማለብ ስትጀምሪ መጀመሪያ የሚወጣው ወተት ነው። ያለብሽውን በብርጭቆ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪና ጠዋት እዪው፤ ቢጫ ቅባቱ ከላይ ሰፍሮ ታገኚዋለሽ። ቅባት የሚበዛው ጡቱ ወደ ማለቁ ሲደርስ በሚወጣው ወተት ነው።

60 ግራሙ ግን እውነት ነው፣ ያንሳል። በዚህ ክብደቷ በቀን 30 ግራም ገደማ መጨመር ነበረባት። ምክንያቱን ደብዳቤሽ ላይ አገኘሁት፤ «ስትነቃ አጠባታለሁ» ብለሻል። ቀኗ ሳይሞላ የተወለደች ልጅ ርቧትም ትተኛለች። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ቀስቅሰሽ አጥቢያት። በ24 ሰዓት ከ8 ጊዜ እንዳይወርድ። ስትጨርስ የቀረውን ወተት እለቢና በተቀቀለ የቡና ሲኒ ከንፈሯ ላይ አድርገሽ እንድትልሰው አድርጊ፤ ጡጦ ይቅር። ባሕር ዳርና ዘጌ ሙቀት ነው፤ ፍሪጅ ያልገባ የታለበ ወተት ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ። የአይረንና የቫይታሚን ዲ ጠብታዋን ሐኪሙ ባዘዘው ልክ ሳታቋርጪ ስጫት፤ ጠዋት ፀሐይ ማሞቁ ጠብታውን አይተካም።

በ3ኛው ቀን አምጫት። በዚያው ሚዛን፣ ያለ ልብስ፣ ያለ ዳይፐር እንመዝናታለን። ካልጨመረች ስለ ማጎልበቻው ያኔ ቁጭ ብለን እናወራለን።