ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ እናቴን የሚያስረሳት ሆዷ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ባለ ቀበሌ ኖራ ዘንድሮ ነው ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ ያመጣኋት። መርሳት ከጀመረች ሁለት ዓመት ይሆናታል፤ አሁን ግን ብሶባታል። ራሷ ቡና አፍልታ፣ ሲኒው ታጥቦ ሳይደርቅ «ዛሬ ቡና አይፈላም እንዴ?» ትለኛለች። እግሬን ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል ትላለች። ሆዷም ይደርቃል፤ አራት አምስት ቀን ሳትወጣ ትቆያለች። ለጨጓራዋ ኦሜፕራዞል መውሰድ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ ጾም አንድም አታስቀርም። እኔ ዘንድ ከመጣች ወዲህ የምትበላው በአብዛኛው ዳቦ፣ ሩዝና ማካሮኒ ነው። አንድ ሰው «መርሳት የሚመጣው ከአንጀት ባክቴሪያ ነው» ብሎ፣ አንጀት አጥቦ ጥሩ ባክቴሪያ ይተካል የሚባል ዱቄት እንድገዛላት መከረኝ። ዋጋው የወር ደመወዜን ግማሽ ይወስዳል። ነገሩ እውነት አለው? ልግዛላት?

መልስ፦ ነገሩ እውነት አለው። ዱቄቱን ግን አይግዙ።

መጀመሪያ እውነቱን ልንገርዎት። ትልቁ አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። በ2016 የወጣ አንድ ስሌት ወደ 38 ትሪሊዮን ያደርሳቸዋል፤ ይህም ከራሳችን ሕዋሳት ብዛት ጋር የሚቀራረብ ነው (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። እኛ መፍጨት የማንችለውን የእህል አሰር፣ ማለትም ፋይበር የሚባለውን፣ እነሱ እርሾ ሊጥ ውስጥ እንደሚያደርገው ያብላሉታል። ከዚያ ከሚወጡት ነገሮች አንዱ ቡቲሬት ይባላል፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ቀለብ እሱ ነው። ግድግዳው ቀለቡን ሲያገኝ ይጠነክራል። ሲራብ ይሳሳል፤ ያን ጊዜ ወደ ደም መግባት የሌለባቸው የባክቴሪያ ስብርባሪዎች ሾልከው ይገቡና ሰውነት ውስጥ ዝቅ ያለ ግን የማይበርድ ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ ይነሣል። እንዲህ ያለው ብግነት ለአንጎል አይበጅም። ከዚህ ሌላ ሆድንና አንጎልን በቀጥታ የሚያገናኝ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ። ከክሮቹ አብዛኞቹ መልእክት የሚያደርሱት ከሆድ ወደ ላይ ነው። ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ባሻ፣ ሆዴ ባባ የምንል ሰዎች ይህ ብዙም ሊገርመን አይገባም።

የአንጀት ባክቴሪያ አንጎልን ሊያውክ እንደሚችል እኛ ሐኪሞች በዓይናችን የምናየው ጉበቱ በተጎዳ ሰው ላይ ነው። ባክቴሪያዎቹ አሞኒያ ይሠራሉ፤ ጤነኛ ጉበት ያጠራዋል። የጠነከረና የከሰመ ጉበት ግን ማጥራት ስለሚያቅተው አሞኒያው ወደ አንጎል ይወጣል። ሰውየው ቀኑን ከሌሊቱ መለየት ያቅተዋል፣ እጁን ዘርጋ ሲባል ይርገበገብበታል። ያን ጊዜ የምንሰጠው ላክቱሎስ የሚባል የሚያስቀምጥ ሽሮፕ ነው። ሆዱ ሲጸዳ አእምሮው ይመለሳል።

ወደ እርጅና ስንመጣ ጥናቱ ገና በመንገድ ላይ ነው፤ የተገኘው ግን ቀላል አይደለም። በ2012 አየርላንድ ውስጥ 178 አረጋውያን ተጠንተው፣ በእንክብካቤ ማዕከል ለረጅም ጊዜ የቆዩት ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያቸው ዓይነት በቤታቸው ከሚኖሩት ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ የምግባቸውም ዓይነት ያነሰ ነበር፣ ሰውነታቸውም ይበልጥ ደክሟል። በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት በአምስት የአውሮፓ አገሮች የሚኖሩ 612 አረጋውያንን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። አትክልት፣ ጥራጥሬና ያልተፈተገ እህል የበዛበትን አመጋገብ በደንብ በያዙት ላይ የበረከቱት ባክቴሪያዎች ከተሻለ የማሰብ ችሎታ ጋር ተያይዘው ታዩ። በ2024 በወጣ የለንደን ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ 36 ጥንድ መንትዮች ተሳተፉ፤ ከየጥንዱ አንዱ ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት ፋይበር፣ ሌላው ባዶ ዱቄት ለ12 ሳምንት ወሰደ። ፋይበር የወሰዱት በማስታወስ ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ።

ይህን የመጨረሻውን ሻጩ ሊጠቅስልዎት ይችላል። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ የመርሳት በሽታ ያለባቸው አልነበሩም፤ 12 ሳምንትም አጭር ነው። የወሰዱትም ባክቴሪያ ሳይሆን የባክቴሪያ ቀለብ ነው፤ የዚህ ቀለብ ዘመድ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ በብዛት፣ ስንዴና ገብስ ውስጥም በመጠኑ ይገኛል። ደግሞም አልዛይመር በሚባለው፣ ከመርሳት በሽታዎች በብዛት በሚታየው ሕመም የተያዙ ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያ ከሌላው ሰው መለየቱ ቢታወቅም፣ እነዚህ ሰዎች ምግብም እንቅስቃሴም ይቀንሳሉ፣ ሆዳቸው ይደርቃል። የቱ የቱን እንዳመጣ ገና አልተለየም። አንጀት አጥቦ የመርሳት በሽታን የሚያድን ዱቄት የለም።

አሁን ወደ እናትዎ ልምጣ። ደብዳቤዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው እግራቸው ላይ ነው። መርሳት፣ የእግር ማቃጠልና መደንዘዝ፣ ረጅም ጾም፣ ለዓመታት የተወሰደ ኦሜፕራዞል። እነዚህ አራቱ አንድ ሰው ላይ ሲገጣጠሙ ከአልዛይመር በፊት የማስበው የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን ነው፤ ነርቭም ደምም ያለ እሱ ይጎዳሉ።

ቢ12 ራሱ የባክቴሪያ ሥራ ነው። ተክል አይሠራውም፣ እንስሳም አይሠራውም። ላሟ ሥጋዋና ወተቷ ውስጥ የሚገኘው ሆዷ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሠርተውላት ነው። የእኛም ትልቅ አንጀት ውስጥ የሚሠሩት አሉ፤ ግን ቢ12 ወደ ደም የሚገባው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ስለሆነ የእነሱ ሥራ አይደርሰንም። ስለዚህ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ማግኘት አለብን። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ሰው ከዓመቱ ከግማሽ የሚበልጠውን ያለ እነዚህ ነው የሚያሳልፈው። በዚያ ላይ ቢ12ን ከምግቡ ለመላቀቅ የጨጓራ አሲድ ያስፈልጋል። አሲዱ በዕድሜ ይቀንሳል፣ በአገራችን በጣም የተስፋፋው የጨጓራ ባክቴሪያም ጨጓራውን ያከሳዋል፣ ኦሜፕራዞል ደግሞ የቀረውን ይበልጥ ይቀንሰዋል። የስኳር ሕመምተኞች የሚወስዱት ሜትፎርሚንም ቢ12ን ይቀንሳል። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጉዳቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው። ሰዎች «እርጅና ነው» ብለው የሚተዉትም ለዚህ ነው። «ደሟ ተለክቶ ደህና ነው ተብሏል» ቢሉኝም አልረካም፤ ደም ማነስ ሳይታይ ነርቭና አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። ቢ12 ራሱን ችሎ ይለካ።

ሁለተኛው የምጠይቀው አንገታቸውን ነው። እንቅርት አለባቸው? በደጋው አገር የምናውቀው ነገር ነው። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ሲዳከም ሰውየው ይረሳል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበርደዋል፣ ያንቀላፋል። አንድ የደም ምርመራ ይለየዋል፣ በየቀኑ የሚወሰድ እንክብል ያክመዋል። ከኦሜፕራዞሉ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒትም ካለ ማወቅ እፈልጋለሁ። ለሆድ ቁርጠት የሚሰጥ ቡስኮፓን፣ ለእንቅልፍ ወይም ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ አሚትሪፕቲሊን፣ የሚያስተኙ የአለርጂ እንክብሎች በአንድ ጊዜ ሆድ ያደርቃሉ፣ ሽማግሌ ላይ ደግሞ አእምሮ ያደበዝዛሉ። ሐዘን ወይም ድባቴም እንዲሁ ያስረሳል፤ ዕድሜ ልካቸውን ከኖሩበት ቀዬ፣ ከጎረቤትና ከማኅበር ተነጥለው ከተማ መግባታቸውን አይርሱብኝ።

ድርቀቱን ንቀው እንዳያልፉት አንድ ያየሁትን ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት አንድ አባት በበርኖስ ተጠቅልለው በልጆቻቸው ሸክም መጡ። ከሦስት ቀን ወዲህ የሚሉትን አያውቁም ነበር፤ የበኩር ልጃቸውን በሞተ ወንድማቸው ስም ይጠሩታል፣ ግድግዳው ላይ ሰው አለ ይላሉ። ቤተሰቡ ጸበል ወስዷቸው ነበር። ሆዳቸውን ስዳስስ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ዘጠኝ ቀን ሳይወጡ ቆይተዋል። የተጠራቀመው ፊኛቸውን ተጭኖ ሽንታቸውም ታግዷል፣ ተመርዟልም። ለምን ውኃ አይጠጡም ነበር ስል ልጁ «በዚያ ብርድ ሌሊት ሜዳ ላለመውጣት ብለው ነው» አለኝ። ሽንታቸው በቱቦ ወጣ፣ ሆዳቸው በእኒማ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ፈሳሽ፣ ተከፈተ፣ ፈሳሽና ፀረ ባክቴሪያ ተሰጣቸው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ቀና ብለው «በሬዎቼን ማን ነው የሚያበላልኝ?» አሉኝ። ይህ የመርሳት በሽታ አልነበረም። በቀናት ውስጥ በድንገት የሚመጣ መቀባዠር ሁልጊዜ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ ቀጠሮ አይጠበቅለትም። የእናትዎ ቀስ በቀስ የመጣ ስለሆነ ይለያል፤ ነገር ግን ሆዳቸው እንዲህ እየደረቀ ከቀጠለ ይህም በላዩ ሊጨመርባቸው ይችላል። ሰገራቸው ላይ ደም ካዩ፣ ወይም ኪሎ ከቀነሱ ሳይውሉ ሳያድሩ ያሳዩአቸው።

ምግቡን በተመለከተ፣ እናትዎ መንዝ ሳሉ ይበሉት የነበረው ከዱቄቱ ይበልጣል። ገብስና ባቄላ፣ ምስርና አተር የሞላበት አገር ነው። በነጭ ዳቦና በማካሮኒ ባክቴሪያዎቻቸው ናቸው የተራቡት። ጠዋት በሶ በጥብጡላቸው፤ ጥርሳቸው ከቻለ ቆሎ፣ ካልቻለ የገብስ ገንፎ። ሽሮውና የምስር ወጡ በሽንኩርቱ ደንበኛ ይሁን፣ ጎመን አይጥፋ። የተቆላና የተወቀጠ ተልባ አንድ ሁለት ማንኪያ በብዙ ውኃ ያጠጧቸው፤ ያለ ውኃ ከሆነ ድርቀቱን ያባብሰዋል። ሁሉንም በአንድ ቀን አይጀምሩ፤ ሆድ ይነፋል፣ እሳቸውም ይጠሉታል። ሌሊት ከቤት መውጣት ከፈሩም ፖፖ ያቅርቡላቸው፤ ውኃ የሚጠጡት ያኔ ነው።

«እንጀራስ ባክቴሪያ የለውም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሊጡ ውስጥ ሞልቷል፤ ምጣዱ ላይ ግን ይሞታል። የጤፉ አሰር ይቀራል፣ እሱም ይጠቅማል። ሕያው ባክቴሪያ ያለው እርጎ ነው። የጾም ቀን ደግሞ ስልጆ፤ የባቄላው ገንፎ በስሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ስለሚብላላ ባክቴሪያው ይተርፋል። እርጎውን ግን ወተቱን አፍልተው፣ ለብ ሲል በማንኪያ እርሾ ጨምረው ያርጉት። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ያስተላልፋል። ለእያንዳንዱ የሆድ ቁርጠትም ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን አይግዙላቸው፤ ጎጂውን ከጠቃሚው ሳይለይ ነው የሚጨርሰው።

ስለ ጾሙ እኔ አልወስንም። የንስሐ አባታቸውን አስጠርተው ሕመማቸውን ይንገሯቸው። እናትዎ ጾሜን አልፈታም ቢሉ እንኳ ቢ12 በመርፌ ወይም በእንክብል ሊሰጣቸው ይችላል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ይውሰዷቸው። በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለቀውን ካርቶን ሳይቀር፣ በፌስታል ሰብስበው ይያዙ። ሐኪሙን ቢ12፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ሙሉ የደም ቆጠራና የሰገራ ምርመራ ለጨጓራ ባክቴሪያ እንዲያዝ ይጠይቁት፤ ግፊታቸውም ይለካ፣ ጆሯቸውም ይታይ፤ ጆሮው የደከመ ሰው የሚረሳ ይመስላል፣ የመርሳት በሽታም ይበልጥ ያሰጋዋል። ኦሜፕራዞሉን በራስዎ ድንገት አያቋርጡት፤ አሲዱ አገርሽቶ ያሠቃያቸዋል፣ እንዴት እንደሚቀነስ ሐኪሙ ይንገርዎት። ቢ12 የሚለካ ላቦራቶሪ አቅራቢያዎ ከሌለ ናሙናው ወደሚሠራበት ይላክ፤ ለዱቄቱ ያሰቡት ገንዘብ ለዚህ ይዋል።

ቢ12 ዝቅ ብሎ ከተገኘ መርፌው በዚያው ቀን ይጀመር። የእግራቸው ማቃጠል እስኪበርድ ወራት ሊፈጅ ይችላል። መርሳቱ ሁለት ዓመት ስለቆየ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባልዎትም፤ ባለበት እንዲቆም ግን ተስፋ አለኝ። ውጤቱ እጅዎ ሲገባ መልሰው ይጻፉልኝ።