መልስ፦ ኦክስጅን የሌለው ደም ሰማያዊ ነው?

ልጅሽ "ደም ሰውነት ውስጥ ሰማያዊ ነው፤ አየር ሲነካው ነው የሚቀላው" ብሎሽ፣ እውነት ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም እህቴ። የሰው ደም ሁሌም ቀይ ነው።

እኔ ፒያሳ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ደም እቀዳለሁ። ክንድ ላይ ላስቲክ አስሬ መርፌውን ደም መልስ (ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር) ውስጥ ሳስገባ፣ ደሙ አየሩ ተመጥጦ ወደወጣለት ትንሽ ቱቦ ይንዶለዶላል። ገና አየር አልነካውም። ግን ቀይ ነው፤ ጠቆር ያለ፣ የተቀቀለ ቀይ ሥር የመሰለ። ከደም ቅዳ (ኦክስጅን የያዘ ደም ከልብ ወደ ሰውነት ከሚወስደው ሥር) ሲወሰድ ደግሞ ፍክት ያለ ደማቅ ቀይ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ቀለሙን የሚሰጠው ሄሞግሎቢን ነው፤ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም፣ ብረት ያለበት ፕሮቲን ነው። ኦክስጅን ሲይዝ ይደምቃል፣ ሲለቅ ይጠቁራል። ደግሞ አረፍ ባልንበት ሰዓት ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ራሱ ከኦክስጅኑ ሦስት አራተኛ ያህሉን እንደያዘ ነው።

ታዲያ ደም ሥር ለምን ሰማያዊ ይመስላል? ቀይ ብርሃን ቆዳን አልፎ ጠለቅ ይላልና ደም ሥሩ ጋ ደርሶ ይዋጣል። ሰማያዊው ግን ያን ያህል አይጠልቅም፤ ከፊሉ እዚያ ሳይደርስ ከቆዳው ይመለሳል። ዓይናችን የሚያየው የተመለሰውን ነው። የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕሎች ደም መልስን በሰማያዊ የሚቀቡት ለመለየት እንዲመች ብቻ ነው፤ ይህን ለልጁ ንገሪው።