«ይይዙናል» ብለው የሚፈሩ ስደተኛ ጎረቤቶቻችንን እንዴት እንርዳ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። በግቢያችን ተከራይተው የሚኖሩ ኤርትራውያንና ደቡብ ሱዳናውያን አሉ። «ተይዘን ወደ አገራችን እንመለሳለን» ብለው ስለሚፈሩ አንዳንዶቹ ኪዳን ማድረስ እንኳ ትተዋል። የጽዋ ማኅበራችን ሊረዳቸው ይፈልጋል፤ ሕግ መተላለፍ ይሆንብናል ብለን ሠጋን።

መልስ፦ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በማኅሌተ ጽጌ የምናስበው እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ መሰደዷን ነው። የጎረቤቶቻችሁ ፍርሃት ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። ሕጉንም በተመለከተ አይዟችሁ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት በ1969 እ.ኤ.አ. የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም ስደተኛን ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር መመለስን ይከለክላል።

መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው በእጁ ያለውን ወረቀት እዩ። የስደተኛ መታወቂያ ያለው፣ መታወቂያው ጊዜው ያለፈበት፣ ወይም ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቅ ሰው ጉዳዩ ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጋር ነው። በቪዛ ገብቶ ጊዜው ያለፈበት ግን የኢሚግሬሽን ጉዳይ አለው። ብዙ ቅን ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አገሩ መመለስ የሚያስፈራውን ሰው «ቪዛህን አስተካክል» ብለው ይልኩታል፣ ጥገኝነት ጠያቂ መሆኑ ሳይነገር ይቀራል። የመታወቂያውን ቅጂ አንዱን እሱ፣ ሌላውን የሚያምነው ሰው ይያዝ። ዋናውን ግን ማኅበሩ አይውሰድበት።

ጉዳዩን ሦስት ሰዎች ብቻ ይያዙት፤ አንዷ ሴት ብትሆን፣ አንዱም ቋንቋቸውን ቢያውቅ መልካም ነው። የስደተኞቹ ስም በቃለ ጉባኤ አይጻፍ፣ በዐውደ ምሕረት አይጠራ፣ ፎቶም በቴሌግራም አይለቀቅ።

አንዱ ቢያዝስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። አንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረን ሰው ቤተሰቡ፣ ጓደኞቹ፣ የሕግ አማካሪውና የሃይማኖት አማካሪው እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። ስለዚህ የንስሐ አባቱ የራሳቸውን መታወቂያና የሰውየውን ቅጂ ይዘው ወደ ጣቢያው ይሂዱ። የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ የመርማሪውንም ስም ይጻፉ፤ በዚያው ቀን ለስደተኞች አገልግሎቱ ያሳውቁ፣ ጠበቃም ይፈልጉ። ምግብና ልብስ ይዞ መሄድም አይረሳ። ልጆች ካሉት ከትምህርት ቤት የሚወስዳቸው ሰው ስም ዛሬውኑ ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ይሰጥ። በፍርሃት ውስጥ ያለች እናት ከሁሉ በፊት የምትጨነቀው ለዚህ ነው።

«አስፈታዋለሁ» ለሚል ደላላ አንድ ብር አትስጡ። ጉቦ ኃጢአት ነው፤ ደግሞም ገንዘቡ ይጠፋል፣ ሰውየው እዚያው ይቀራል።

ሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ ሲጽፍ የሚያውቀውን ብቻ ይጻፍ፦ «ከዚህ ጊዜ ጀምሮ በዚህ ደብር ያስቀድሳል፣ ልጁንም እዚህ አስጠምቋል።» አዝናችሁለት «የሰፈራችን ተወላጅ ነው» ብትሉ፣ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ብታወጡለት፣ ሐሰቱ በታወቀ ቀን የስደተኝነቱ እውነት አብሮ ይጠረጠራል። የምትጎዱት እሱን ነው።

ለኪራይ አንድ ጊዜ ብዙ አዋጥቶ ከመተው አምስት ቤተሰብ ለሦስት ወር እየተካፈለ ቢከፍል ይሻላል። እስላም ሱዳናዊ ቢመጣም እንዲሁ አድርጉ፤ እንጀራውን በጥምቀት አትለውጡበት። ኪዳን ማድረስ የፈሩትን ደግሞ በማለዳ ከማኅበሩ ሁለት ሰዎች ከበራቸው ተቀብለው አብረዋቸው ይሂዱ፣ ሲጨርሱም እስከ በራቸው ይሸኟቸው።